ዌክሰርፍ ልትጀምሩ ነው? ቦርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ጭነቱን አስተካክሉ

ባለፈው ሰሞን አንድ የማውቀው ልጅ ደወለልኝ። «ቦርድ ገዛሁ፣ ካርቦን ነው፣ አሪፍ ነገር ነው፣ ግን ገመዱን በለቀቅኩ ቁጥር ሁለት ሰከንድ ሳልቆይ እሰምጣለሁ፣ ምን ይሻላል?» ይለኛል። ክብደትህ ስንት ነው? አልኩት። 200 ፓውንድ። ቦርዱስ? 4 ጫማ ከ5 ኢንች። እሺ ጀልባዋ ውስጥ ምን ያህል ውሃ ሞላችሁ? «የምን ውሃ?»

በቃ ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ስፖርት ከቦርዱ ይጀምራል፣ ቦርዱ ያምራል፣ ሱቅ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያብለጨልጫል፣ ግን የምትንሸራተቱት ቦርዱ ላይ ሳይሆን ማዕበሉ ላይ ነው፣ ማዕበሉን የሚሠራው ደግሞ የጀልባዋ ክብደት ነው። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ሰመር ባዶ ጀልባ ጀርባ እየተንጠለጠልኩ «እኔ ባላንስ የለኝም ማለት ነው» እያልኩ ራሴን ስወቅስ ከርሜያለሁ፣ ስለዚህ ልጁ ላይ አልሳቅኩበትም። ትንሽ ነው የሳቅኩት።

ለማያውቅ ሰው፣ ዌክሰርፍ ማለት ጀልባ በዝግታ እየሄደች ከኋላዋ በምትፈጥረው ማዕበል ላይ በአጭር ቦርድ ቆሞ መሄድ ነው። ገመዱ ለመነሳት ብቻ ነው፣ ማዕበሉ ሲይዛችሁ ገመዱን ወደ ጀልባዋ ትወረውሩና ያለ ምንም ነገር ትሄዳላችሁ። ፍጥነቱ ከ10 እስከ 12 ማይል በሰዓት ነው፣ በኪሎሜትር ከ16 እስከ 19 ገደማ፣ ማለትም ሳይክል እንደመንዳት ነው። ስትወድቁም ውሃው እንደ ውሃ ስኪ በጥፊ አይመታችሁም፣ ለዚህ ነው አርባ ዓመት ያለፈን ሰዎች የወደድነው።

እኛ ዳላስ አካባቢ ነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሉዊስቪል ሐይቅ ላይ ነው የምንወጣው። የምጽፈው ከዛ ልምድ ነው።

መጀመሪያ ከጀልባዋ ኋላ ሂዱና እዩ

ይሄን ሳታዩ አንድ ዶላር አታውጡ። ፕሮፔለሯ የት ነው ያለችው? ሞተሩ ከኋላ ተንጠልጥሎ ፕሮፔለሩ ወደኋላ የወጣ ከሆነ፣ አውትቦርድም በሉት ሞተሩ ውስጥ ሆኖ እግሩ ብቻ ወደኋላ የወጣ ስተርንድራይቭ፣ ከሱ ጀርባ ዌክሰርፍ አይደረግም። አለቀ። «ቀስ ብለን እንነዳለን» የሚል መልስ የለም፣ ምክንያቱም ዌክሰርፍ ላይ ሰውየው ከጀልባዋ ጀርባ ከ10 እስከ 15 ጫማ ርቀት ላይ ነው ያለው፣ አንዳንዴ እጁን ዘርግቶ ጀልባዋን ሊነካ ይደርሳል፣ ማዕበሉ ደግሞ ወደፊት ይገፋዋል፣ ሲወድቅ ወደ ፕሮፔለሩ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው።

የሚያስፈልገው ኢንቦርድ ነው፣ ፕሮፔለሩ ከጀልባዋ ሆድ ስር ገብቶ የተደበቀ። ከነዚህ ውስጥ ቪ-ድራይቭ የሚባለው ሞተሩ ወደኋላ ስለተቀመጠ ለሰርፍ ይመቻል፣ ክብደቱን በተፈጥሮው እዛው ኋላ ይዞታል። ሌላው ደህና አማራጭ ቮልቮ ፔንታ በ2015 ያወጣው ፎርዋርድ ድራይቭ የሚባለው ነው፣ እሱ ላይ ፕሮፔለሮቹ ወደፊት ዞረው ከጀልባዋ ስር ናቸው። ጀልባ ከጓደኛ ስትዋሱ ወይ ስትከራዩ በስልክ «ለዌክሰርፍ ይሆናል ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ፣ የኋላዋን ፎቶ ላኩልኝ በሉ። እኛን አንዴ አንድ አከራይ «አዎ ይሆናል» ብሎን ሁለት ሰዓት ነድተን ስንደርስ ስተርንድራይቭ ሆና አገኘናት፣ ጎማ ላይ ስንጎተት ውለን ተመለስን።

እግራችሁና ኪሏችሁ

ከቦርድ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛው የትኛው እግር ከፊት እንደሚሆን ነው። ሰው ከኋላችሁ ሳትዘጋጁ ቀስ አድርጎ ይግፋችሁ፣ ላለመውደቅ ያስቀደማችሁት እግር ብዙ ጊዜ የፊት እግራችሁ ነው። ግራ ከሆነ ሬጉላር ትባላላችሁ፣ ቀኝ ከሆነ ጉፊ። ይሄ ለምን ያስፈልጋል? ጀልባዋ የምትጫንበት ጎን የሚወሰነው በዚህ ነው። ሬጉላር የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ በጀልባዋ ግራ በኩል ያለውን ማዕበል ነው የሚወደው፣ ጉፊ ደግሞ የቀኙን፣ ፊታችሁን ወደ ማዕበሉ አዙራችሁ ስለምትቆሙ ነው ነገሩ። ቡድናችሁ ውስጥ አራት ሬጉላር አንድ ጉፊ ካለ፣ ጉፊው ምስኪን መጨረሻ ላይ ይወጣል፣ ለሱ ሲባል ለጭነት ጀልባዋ ውስጥ የተሞላው ውሃ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ መዞር ስላለበት።

ሁለተኛው ኪሎ ነው። እውነተኛውን ተናገሩ። ቤተሰብ ፊት 170 ፓውንድ ብላችሁ ብትዋሹ ችግር የለም፣ ቦርዱ ግን አይዋሽላችሁም።

አሁን ቦርዱ

ቦርዶቹ በጥቅሉ ሁለት ዘር ናቸው፣ የተዳቀለም አለ። ሰርፍ ስታይል የሚባለው ወፈር ያለ፣ ውሃ ላይ በደንብ የሚንሳፈፍ፣ ከስሩ ያሉት ክንፎች (ፊን ነው የሚሏቸው) ትልልቅ የሆኑ፣ ማዕበሉን ነክሶ የሚይዝና የሚገፋችሁ ነው። ስኪም ስታይል ደግሞ ስስ፣ ፊኖቹ ትንንሽ፣ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት፣ ዞር ዞር እያሉ 360 ለሚጫወቱ ልጆች የሚሆን ነው። ዩቲዩብ ላይ የምታዩትና «ዋው» የምትሉት አብዛኛው ስኪም ነው፣ ስለዚህ ሰው ሄዶ ስኪም ይገዛል፣ ከዛ ውሃ ሲጠጣ ይውላል። ለጀማሪ ሰርፍ ስታይል፣ ክርክር የለውም።

ርዝመቱን በኪሎ ነው የምትመርጡት፣ በቁመት አይደለም። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ሰንጠረዥ አለው፣ እሱን እዩ፣ በግምት ግን ከ140 ፓውንድ በታች ለሆነ ሰው 4 ጫማ ከ6 ኢንች አካባቢ ይበቃዋል፣ ከ140 እስከ 180 ከ4 ጫማ ከ8 እስከ 5 ጫማ፣ ከ180 እስከ 220 ከ5 ጫማ እስከ 5 ጫማ ከ4፣ ከዛ በላይ ደግሞ ረዘም እና ወፈር ያለውን። ሁለት ቁጥር መሃል ከወደቃችሁ ትልቁን ውሰዱ። ለቤተሰብ አንድ ቦርድ ብቻ ከሆነ የምትገዙት በጣም ከባዱን ሰው የሚሸከመውን ግዙ፣ ቀላሉ ሰው ትልቅ ቦርድ ላይ ይቆማል፣ ከባዱ ሰው ግን ትንሽ ቦርድ ላይ አይቆምም። የዛ የደወለልኝ ልጅ ችግር ግማሹ ይሄ ነበር፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቦርድ ነው የገዛው።

ርዝመት ብቻ ግን አይበቃም፣ ጎኑን ስትይዙት ያለው ውፍረትና አፍንጫው ላይ ያለው ስፋትም ቆጠራ ውስጥ ይገባል። ሁለት 5 ጫማ ቦርድ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታዩ አንዱ እንደ ዳቦ ሌላው እንደ እንጀራ ሊሆን ይችላል፣ ዳቦውን ውሰዱ።

ፊን ላይ ብዙ አትጨነቁ። ሦስት ያለው ይበቃችኋል፣ ኋላ የመሃሉን አውጥታችሁ በሁለት መሞከር ትችላላችሁ፣ ቦርዱ ወዲያው ልቅ ይላል፣ ልዩነቱን እግራችሁ ይነግራችኋል። የማይፈቱ ፊኖች ያሉትን ግን አልወድም፣ ራምፕ (ጀልባ ወደ ውሃው የምትወርድበት መንገድ) ላይ አንዴ ከተመታ ቦርዱ ራሱ አብሮ ይሰነጠቃል።

አሠራሩን በተመለከተ ደግሞ፣ በፕሬስ ተጨምቆ የሚሠራው ከበድ ይላል ግን ቢወድቅ ቢጋጭ ይችላል፣ አዲሱ ከሦስት እስከ አምስት መቶ ዶላር አካባቢ ይገኛል። ፎም ላይ ፋይበርግላስና ኤፖክሲ የለበሰው ቀላልና ሕይወት ያለው ነው፣ ግን ዋጋውም ከፍ ይላል፣ ቆዳውም ስስ ነው። ልጆች ካሏችሁና ቦርዱ ጀልባ ውስጥ የሚረገጥ ከሆነ የመጀመሪያውን ግዙ። ያገለገለ ብትገዙ ደግሞ ጀርባውን በአውራ ጣታችሁ ዙሪያውን ተጫኑት፣ ለስለስ ብሎ የሚገባ ቦታ ካለ ውሃ ገብቶበታል፣ አስቀምጡትና ሂዱ።

አንድ የማልረሳው ነገር ልንገራችሁ። ሐምሌ ላይ፣ የፈረንጁን ጁላይ ማለቴ ነው፣ ምሳ ለመብላት ቦርዱን በጥቁር ቦርሳው ውስጥ እንዳለ መኪናው ጀርባ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል። ተመልሼ ሳወጣው ሆዱ ላይ የእንቁላል ጥብስ የሚያክሉ ሦስት እብጠቶች አውጥቷል፣ በጣት ስነካው እየዘቀጠ ተመልሶ ይነሳል። ውስጡ ያለው አየር በሙቀቱ ተለጥጦ ቆዳውን ከፎሙ ለይቶታል። ስድስት መቶ ዶላር። የቴክሳስን ፀሐይ የምታውቁ ሰዎች ጥላ ፈልጉለት፣ ወይም ውሃ ውስጥ አስገቡት።

ባላስት፣ ዋናው ጉዳይ

ባላስት ማለት ሌላ ምንም አይደለም፣ ጀልባዋን ውሃ ውስጥ ጠልቃ እንድትቀመጥ የሚያደርግ ጭነት ነው። ጠልቃ ስትሄድ ብዙ ውሃ ትገፋለች፣ የተገፋው ውሃ ከኋላ ተመልሶ ሲገጥም ማዕበል ይሆናል። ጭነቱ ደግሞ እዛው ሐይቁ ውስጥ በነፃ የሚገኘው ውሃ ነው፣ በፓምፕ ትሞላላችሁ፣ ስትጨርሱ ትደፋላችሁ። አዳዲሶቹ ጀልባዎች ወለሉ ስር ታንከር አላቸው፣ አሮጌዎቹ ላይ ደግሞ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ሎከር (የጀልባዋ ዕቃ ማስቀመጫ) ውስጥ ይነጠፍና ይሞላል፣ ሳክ ይሉታል።

የከረጢቶቹ መጠን በፓውንድ ነው የሚጻፈው፣ 400፣ 750፣ 1100 የተለመዱት ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች ለኛ ሰው ምንም አይሉም፣ ስለዚህ እኔ በጀሪካን ነው የማስረዳው። ያቺ ቢጫ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሞልታ 20 ኪሎ ናት። ባለ 400 ፓውንዱ ከረጢት 9 ጀሪካን ነው። ባለ 750ው 17 ጀሪካን፣ 340 ኪሎ። ባለ 1100ው 25 ጀሪካን፣ ማለትም አምስት ኩንታል ጤፍ አንድ ጥግ ላይ ቆልላችሁ እንደመሄድ ነው። እንዲህ ስታስቡት ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

ስለዚህ ከምንም በፊት ጀልባዋ ላይ የተለጠፈችውን የአቅም ሰሌዳ አንብቡ፣ መሪው አካባቢ ትገኛለች፣ ከሌለች ማኑዋሉ ላይ አለ። እዛ ላይ የተጻፈው ክብደት ሰውንም ዕቃንም ውሃንም ደምሮ ነው። ብዙ ሰው ውሃውን ይቆጥርና ሰዉን ይረሳል። ለምሳሌ 2000 ፓውንድ ይላል እንበል። እናንተ አራት ናችሁ፣ በአማካይ 170፣ ያው 680 ሆነ። ኋላ አንድ 750 ከረጢት፣ ፊት አንድ 400፣ ድምሩ 1150። ሁሉም ሲደመር 1830። ለበረዶ ሳጥኑ፣ ለዕቃውና ለክትፎው 170 ቀራችሁ ማለት ነው። አምስተኛ ሰው መጣ? እንግዲያው ከውሃው ይቀነሳል። አሁን ውሃ ላይ ያለውን ሰው «እሱ ጀልባ ውስጥ የለም» ብላችሁ እንዳትቀንሱት፣ ወድቆ ተመልሶ ይወጣል እኮ።

አቀማመጡ። አገር ቤት አህያ ሲጫን ያየ ሰው ያውቃል፣ በሁለቱም ጎን እኩል ካልሆነ ጭነቱ ይዞራል፣ አህያዋም ትወድቃለች። አሮጌ ጀልባ ላይ እኛ የምናደርገው በትክክል ተቃራኒውን ነው፣ ሆን ብለን ወደ አንድ ጎን እናጋድላታለን፣ አያቴ ቢያይ ዱላ ያነሳብኝ ነበር። በግራ በኩል የሚሰርፉ ከሆነ ትልቁ ከረጢት ኋላ ግራ ጥግ ሎከር ውስጥ ይገባል፣ ትንሹ ወደፊት አፍንጫው አካባቢ፣ መሃል ላይ ወይ ትንሽ ወደ ግራ ይሆናል። ሾፌሩ ቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው፣ መሪው እዛ ስለሆነ፣ ስለዚህ የቀረው ሰው ግራ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ግን ልክ አለው፣ የጎኑ ከንፈር ወደ ውሃው ተጠግቶ ማዕበል በመጣ ቁጥር የሚረጭ ከሆነ አብዝታችኋል፣ ወዲያው አፍስሱ።

አዲስ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ይሄን ማጋደል አያስፈልጋቸውም። ጀልባ ሠሪዎቹ ማሊቡ ሰርፍ ጌት፣ ናቲክ ደግሞ ኤንኤስኤስ የሚሏቸው፣ እንደዚህ አይነቶቹ ሲስተሞች ከኋላ በኩል ሳህን አውጥተው የውሃውን መንገድ ያዘገዩታል፣ ከሁለቱ ጎን የሚመጣው ውሃ እኩል ሰዓት አይገናኝም፣ አንዱ ጎን ንጹሕ ማዕበል ይሆናል። እነሱ ላይ ጭነቱ እንደ አህያዋ በሁለቱም ጎን እኩል ነው፣ ጎን መቀየርም በቁልፍ ነው፣ ጉፊው ምስኪን ተገላገለ። አሮጌ ጀልባ ላላቸው ደግሞ በመምጠጫ ጎማ የሚለጠፍ ሼፐር የሚባል ነገር አለ፣ ያንኑ ሥራ ነው የሚሠራው። የሚለጠፈው ከምትሰርፉበት ተቃራኒ ጎን ነው፣ ኋላ አካባቢ ከውሃው ወለል ዝቅ ብሎ። ግራ የምትሰርፉ ከሆነ ቀኝ ላይ። መጀመሪያ ቦታውን በጨርቅ በደንብ ጥረጉት፣ የሐይቅ ዝቃጭ ካለ አይይዝም፣ ገመዱንም ጀልባዋ ላይ እሰሩት፣ ሳታስሩ ከሄዳችሁ ዓሣው ይሰርፍበታል።

አሞላሉ እንዲህ ነው፦

ከረጢቱን ሎከር ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሹል ነገር አውጡ፣ መልሕቅ፣ ብሎን፣ የተረሳ ቢላዋ። ከረጢቱ ሲሞላ ይነፋና ጥጉን ሁሉ ይፈልጋል፣ ሹል ነገር ካለ ያገኘዋል።

ቱቦውን አስገቡ፣ የአየር መውጫውን ክፈቱ። ይሄን የረሳ ሰው ከረጢቱ ግማሽ አየር ግማሽ ውሃ ሆኖ እየተንቦጫረቀ ጀልባዋን ሲያወዛውዛት ይውላል። ውሃ ሲሞላ ድምጹ ይቀየራል፣ መጀመሪያ ፉጨት ነው፣ ከዛ ጉርጉር ይላል፣ ከዛ ዝም። ዝም ሲል ፓምፑን አጥፉ። አንድ የላስቲክ መዘውር ውስጡ ያለው ፓምፕ አይነት አለ፣ ያለ ውሃ ደረቁን ከሠራ ላስቲኩ ይቃጠላል፣ ስለዚህ «እየሞላ ነው» ብላችሁ ትታችሁት ወሬ አትጀምሩ።

ጊዜውን አስቡት። በሰዓት 800 ጋሎን የሚስብ ፓምፕ ባለ 750 ፓውንዱን ከረጢት፣ ያው 90 ጋሎን ነው፣ በወረቀት ላይ ሰባት ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ቱቦው ረጅምና ጠማማ ከሆነ ደግሞ ከዛ በላይ። ስትሞሉም ስታፈስሱም ነው ይሄ። ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል «አንዴ ልሞክር» ለሚል ዘመድ ይሄን አስታውሱት።

ማዕበሉን ማንበብና ማስተካከል

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያለው ሰው ያሸንፋል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሂዱ፣ እዩ፣ ስልክ ላይ ጻፉ። ሁለት ነገር አንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

እኔ የምጀምረው ኋላውን ብቻ ሞልቼ በ10.5 ማይል ነው። ሰርፈር ሳይኖር ነድተን አንድ ሰው ከኋላ በስልክ ይቀርጻል። ማዕበሉ ከፍ ያለና ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ግን አጭር ከሆነ ኋላው በዝቷል፣ ፊት ላይ ጨምሩ፣ ማዕበሉ ይረዝማል፣ የሚገፋበት ቦታም ይሰፋል። ረጅም ሆኖ ግን ዝቅ ያለና ጉልበት የሌለው ከሆነ ፊቱ በዝቷል፣ ቀንሱ ወይም ኋላ ጨምሩ። የማዕበሉ ፊት ሁሉ ነጭ አረፋ ከሆነ፣ ሳሙና የፈሰሰበት ይመስላል፣ ወይ ትንሽ ይበልጥ አጋድሉ ወይ ሼፐሩን ዝቅ አድርጉ ወይ ፍጥነት በጥቂቱ ጨምሩ። ፍጥነት ሲጨመር ማዕበሉ ይጸዳል፣ ይረዝማልም፣ ግን ዝቅ ይላል፣ ሲቀነስ ከፍ ይልና ይንኮታኮታል። በ0.2 ማይል ነው የምትጫወቱት፣ በ2 ማይል አይደለም።

ከሁሉ የረቀቀው ማስተካከያ ግን ሰው ነው። የኛ ቡድን ውስጥ አንድ ወፈር ያለ ጓደኛችን አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ግራ ኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ማዕበሉ እንደ ግድግዳ ነው። አንድ ቀን እኔ ገመድ ጥዬ ደስ ብሎኝ እየሄድኩ ድንገት ማዕበሉ ከስሬ ጠፋ፣ እንደ ሊፍት ወረድኩ። ስወጣ ሳይ ሰውየው ከበረዶ ሳጥኑ ውሃ ሊያወጣ ወደ ቀኝ ተነስቶ ሄዷል። 230 ፓውንድ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ ማለት ልዩነቱ 460 ነው፣ አንድ ከረጢት አዘዋወርን ማለት ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ ሕጉ ይሄ ነው፣ ሰው ውሃ ላይ እያለ ማንም ከወንበሩ አይነሳም፣ የተጠማ ያቀብሉታል።

ጥልቀትም ይለውጣል። 10 ጫማ በማይሞላ ውሃ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጭኑ ማዕበሉ ይሰንፋል፣ ከስሩም ጭቃና ሣር ትነቅላላችሁ። 20 ጫማና ከዛ በላይ ፈልጉ።

ገመዱ አጭርና ወፍራም ይሁን፣ 20 ጫማ አካባቢ፣ ትልቅ እጀታ የሌለው፣ የውሃ ስኪ ገመድ ቆራርጣችሁ አትጠቀሙ፣ ቀጭን ገመድ ጣት ላይ ይጠመጠማል። ስትነሱ በጀርባችሁ ተንሳፍፋችሁ ተረከዛችሁን ቦርዱ ላይ አድርጉ፣ ጀልባዋ ቀስ ብላ ስትስብ ቦርዱ ራሱ ወደ እግራችሁ ይለጠፋል፣ በክንዳችሁ አትጎትቱ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ጠብቁ። ከቆማችሁ በኋላ የፊት እግር ጋዝ ነው፣ የኋላ እግር ፍሬን ነው። ገመዱ ሲላላ ማዕበሉ ይዟችኋል ማለት ነው፣ ያኔ ጣሉት። ወደኋላ ስትቀሩ ሁሉም ሰው በደመ ነፍስ ወደኋላ ይጋደማል፣ በትክክል ያ ነው የሚያሰምጠው፣ ፊት እግራችሁን ርገጡ።

የማይቀለድባቸው ነገሮች

የሞተሩ ጭስ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ የሚከማቸው ደግሞ ከጀልባዋ ኋላ ልክ ሰርፈሩ ያለበት አካባቢና መቀመጫው ላይ ነው። ሞተር በርቶ እያለ ኋላ መቆሚያው ላይ ማንም አይቀመጥ፣ አይንጠልጠል፣ በዚህ ሰዎች ሞተዋል። በተለይ ንፋሱ ከኋላ ሲሆን ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጅ «ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ» ካለ ፀሐዩ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ሞተር አጥፉ፣ አየር ወዳለበት ቦታ ውሰዱት፣ ካልተሻለው ወዲያው 911።

ሰው ሲወድቅ ሾፌሩ ጋዝ ሰጥቶ አይዙር። ቀስ ብሎ ይቀንስ፣ ጀልባዋ ትረጋጋ፣ ከዛ በዝግታ ዞሮ ይመለስ፣ ሰርፈሩ ሲቀርብ ሞተር ይጥፋ። ምክንያቱም ፊቷ ላይ ውሃ የጫነች ጀልባ አፍንጫዋ ዝቅ ብሏል፣ የራሷን ማዕበል ፊት ለፊት ከገጠመች ውሃው በፊት በኩል ዘልቆ ወንበር ላይ ያላችሁትን ሁሉ ያጥባችኋል፣ ጫማ ሲንሳፈፍ ካያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል።

ላይፍ ጃኬት ሁሉም ሰርፈር ያድርግ። ቴክሳስ ውስጥ ከ26 ጫማ ያነሰች ጀልባ ስትንቀሳቀስ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሕግም ግዴታው ነው። ሾፌር የምታደርጉት ልጅ ደግሞ ከሴፕቴምበር 1፣ 1993 ወዲህ የተወለደ ከሆነ የጀልባ ትምህርት ወስዶ ምስክር ወረቀት መያዝ አለበት፣ ብዙ የኛ ልጆች ይሄን አያውቁም።

ዳርቻ አትጠጉ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሴንት አንቶኒ ፎልስ ላቦራቶሪ በ2022 ባወጣው ጥናት የሰርፍ ማዕበል ከዳርቻና ከጀልባ ማሰሪያ መትከያ ከ500 ጫማ በላይ፣ 150 ሜትር ገደማ፣ እንዲርቅ መክሯል፣ ቬርሞንት ደግሞ ከ2024 ጀምሮ 500 ጫማውን ሕግ አድርጋዋለች። የናንተ ስቴት ሕግ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሕግ ኖረም አልኖረም የሰው መትከያ ላይ የታሰረች ጀልባ ስታንገጫግጩ የሚጮህባችሁ ሽማግሌ እውነቱን ነው።

ስትወጡ

ከረጢቱን የምታፈስሱት እዛው የሞላችሁበት ሐይቅ ውስጥ ነው፣ ራምፕ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት። ይሄ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዜብራ መስል የምትባል ትንሽ ቀንድ አውጣ መሰል ነገር አለች፣ ቴክሳስ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ቴክሶማ ሐይቅ ላይ ነው፣ ሉዊስቪልም ደርሳለች፣ እጮቿ በዓይን ስለማይታዩ በባላስት ውሃ ውስጥ ሆነው ከሐይቅ ሐይቅ ይዛመታሉ። ከ2014 ጀምሮ በስቴቱ በሙሉ ከሐይቅ ስትወጡ የጀልባዋን ውሃ ሁሉ ማፍሰስ ግዴታ ነው። ፓምፑ ከረጢቱን መቼም ጨርሶ አያደርቀውም፣ ስር ላይ ሁለት ሦስት ሊትር ይቀራል፣ ስለዚህ ከረጢቱን አውጥታችሁ በአንድ ጥጉ አንጠልጥሉት፣ ቤት ስትገቡ ክዳኑን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ ጣሉት፣ ሎከሩንም ክፍት ተዉት። ካልሆነ በሳምንቱ ስትከፍቱት የሚወጣው ሽታ የከረመ ጠላ ነው።

ከጀልባዋ ኋላ ስር ያለችውን የማፍሰሻ ቡሽም ንቀሉ። ነቅላችሁ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ አትክተቱ፣ እኔ አንዴ በቁምጣዬ ኪስ አስቀምጬ ቁምጣው ታጠበ፣ ቡሹ ልብስ ማድረቂያው ውስጥ ቀረ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀልባዋን ራምፕ ላይ አውርደን ገና ሰው እየጫንን ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ መንሳፈፍ ጀመረ። ቡሹን ጀልባዋን ከሚጎትተው መኪና ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት እሰሩት፣ ቁልፉን ሳትይዙ ሐይቁ ጋ አትደርሱም።